ከአፍንጫ የተንጠለጠለች ጠብታ

ኩዋባራ ቴይዞን ያገኙት ማንም በማይኖርበት ቤት ጓሮ ውስጥ፣ በወዳደቀ የቀርከሃ አጥር ላይ በጀርባው ተዘርሮ ነው። ቀና ሲሉ የራሱ ቤት በረንዳ ከላይ ይታያል። የበረንዳው የእንጨት መደገፊያ ተገንጥሎ አንዱ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ወሩ የካቲት ነው፤ ሌሊቱን ሲያካፋ ያደረው ዝናብ የሟቹን ሹራብ አበስብሶታል።

ኢንስፔክተር ሚኩሪያ ቶኩኤ የጃፓኗን የወደብ ከተማ፣ የኦኖሚቺን የድንጋይ ደረጃ እየረገመች ወጣች። እዚህ አገር ሰው ቤቱን ገደል ላይ ነው የሚሰቅለው። መኪና አይገባ፣ አምቡላንስ አይገባ፤ ሬሳም ቢሆን በሰው ትከሻ ነው የሚወርደው። ዕድሜዋ ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ጉልበቷ ግን የእናቷን ዕድሜ ይዟል።

"ማን ነው ያየው?" አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስላት።

"ሁለት ሰዎች ናቸው" አለ ሳጅን ሃዛማ። ቀልጣፋ ወጣት ፖሊስ ነው፤ ጥፋቱ ነገር ቶሎ መደምደሙ ብቻ ነው። "የሰፈሩ ማኅበር ሰብሳቢ ወይዘሮ ኦጋታ፣ እና ያ ጥቁር ካፖርት የለበሰው ሰውዬ። ሺኦሚ ካዙማ ይባላል። ቅዳሜ የሚመረቀው ሙዚየም ሥራ አስኪያጅ ነው።"

ሙዚየሙን ያልሰማ የከተማ ሰው አልነበረም። በየአውቶቡሱ ጎን የኩዋባራ ቴይዞ ፎቶ ተለጥፏል፤ ሽማግሌው መሐል ላይ ቆሞ፣ ዙሪያውን ቢጫ ፊት፣ ቀይ ልብ፣ ጃንጥላ፣ የሩዝ ኬክ። የእጅ ስልክ መስኮቱ የጣት ጥፍር በሚያህልበት ዘመን፣ ለአንድ የስልክ ኩባንያ እነዚያን ጥቃቅን ኢሞጂዎች በነጥብ በነጥብ የሳለ እሱ ነው ይባላል።

ሺኦሚ ዓይኑ ቀልቷል። ሚኩሪያ ስትቀርበው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"ትናንት ማታ አብረዋቸው ነበሩ?"

"አልነበርኩም። አመሻሹ ላይ ባሕሩን ተሻግሬ ሙካይሺማ ደሴት ሄድኩ። የመርከብ ፋብሪካው ሰዎች ለሙዚየሙ ግብዣ አዘጋጅተውልን ነበር፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነው ያመሸሁት። ዛሬ ጠዋት ኩዋባራ-ሳን ለምረቃው ልምምድ ቀሩብን። ብደውል አይነሳም። ወይዘሮ ኦጋታን ይዤ መጣሁ። እሳቸው ደረጃው ላይ ደክሟቸው ቁጭ ሲሉ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ብጣራ መልስ የለም። በረንዳው ላይ ብወጣ..." ወደ ተገነጠለው መደገፊያ በእጁ አመለከተ።

"የነኩት ነገር አለ?"

"የለም። ስልካቸው እንኳ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳለ ነው።"

ሃዛማ ሚኩሪያን ወደ ጥግ ወሰዳት። "ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል። አንዲት እህት አለቻቸው፣ ፉሚኤ የምትባል፣ ወደቡ አጠገብ ነው የምትኖረው። መስማት የተሳናት ናት። ሊያረዳት የሄደው ፖሊስ ትናንት ከወንድሟ የመጣላትን መልእክት ፎቶ አንስቶ ልኮልናል።"

"መነጽሬ መኪናው ውስጥ ነው። አንተ አንብበው።"

"'ዛሬ ደክሞኛል። ይቅር በይኝ' ይላል። ከዚያ የሚያለቅስ ፊት አለ። ከዚያ ደግሞ 'ከእንግዲህ በቃኝ።' የተላከው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰውዬው ሕይወቱን በገዛ እጁ ነው ያጠፋው፣ ኢንስፔክተር።"

ሚኩሪያ የተገነጠለውን መደገፊያ ቀና ብላ አየች። ሊዘል የመጣ ሰው አጥር ይሻገራል፤ በጀርባው ተደግፎ አይሰብርም።

"እህትየው መልእክቱ ሲደርሳት ምን አደረገች?"

ሃዛማ ትከሻውን ነቀነቀ። "ምንም። ተኛች አሉ።"

"ወንድሟ 'በቃኝ' ሲላት?"

"እኔንም የከነከነኝ እሱ ነው።"

ወይዘሮ ኦጋታ ሻይ አቀረበችና ሳትጠየቅ ጀመረች።

"ሙት ወቃሽ አያርገኝና፣ ኩዋባራ-ሳን ሰሞኑን ሰላም አልነበራቸውም። ባለፈው ሳምንት ከእህታቸው ጋር በረንዳው ላይ ተጣሉ። በእጅ ነው የሚጣሉት! ድምፅ የለ፣ ምን የለ፤ እጅ ብቻ እንደ ጅራፍ። እኔ ልብስ ሳሰጣ ነበር፤ ደንግጬ ቀረሁ። ፉሚኤ-ሳን ጥላቸው ስትሄድ ዞራም አላየቻቸው።"

"ስለ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

"እኔ በእጅ የሚወራውን ከየት አውቄ፣ ልጄ! የትናንቱን ጠብ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ አጭር። 'ሌባ! የሰው ሥራ ሌባ!' እያለ ነው የጮኸው።"

"ስንት ሰዓት ግድም?"

"ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ቆይቶ እየተነጫነጨ ደረጃውን ወረደ። ከዚያ ኩዋባራ-ሳን ወጥተው ድመቶቹን አበሉ። ሰላምም ብለውኛል።" የሻይ ስኒዋን ወደ ጎን ገፋችው። "'ነገ ይዘንባል' ነው ያሉኝ። 'ልብስዎን ያስገቡ' አሉኝ።"

ባለ ባርኔጣው ሰው ዶባሺ ይባላል። ፉኩያማ ነው የሚኖረው። በጡረታ የተገለለ መሐንዲስ ነው፤ ድሮ ከኩዋባራ ጋር በአንድ ክፍል ሠርቷል። ሚኩሪያና ሃዛማ ሲደርሱ የተፈታ ራዲዮ ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሞቱን ሰምቷል፤ ያዘነ ግን አይመስልም።

"እኔ ነኝ የገደልኩት በሉኛ! ምን ቀራችሁ? ስሜን ወስዶ እንጀራ በላበት፣ አሁን ደግሞ ሞቶ ያሳስረኛል።"

"'ሌባ' ብለዋቸዋል።"

"ብያለሁ! ፊት በጽሑፍ መሥራት ማን ጀመረና? እኛ ነን፣ መሐንዲሶቹ! ስዕል ሳይኖር በቅንፍና በሰረዝ እንሥቅ ነበር። ግራ ቅንፍ፣ ሁለት ዓይን፣ ቀኝ ቅንፍ። ፈረንጅ ፊት ሲሠራ አፉን ነው የሚሠራው፤ አንገትህን አጣመህ ካላየኸው አይገባህም። እኛ ዓይኑን ነው የምንሠራው። ለምን? አፍ ይዋሻላ! ደግሞ 'ኢሞጂ' የሚለው ቃል ከእነሱ ቋንቋ የመጣ፣ 'ስሜት' ማለት ይመስላቸዋል። ኤ ማለት ስዕል፣ ሞጂ ማለት ፊደል፤ አለቀ! ስዕላዊ ፊደል ነው።"

"እና ስዕሎቹን እርስዎ ነዎት የሳሉት?" አለ ሃዛማ።

ዶባሺ አንዲት ብሎን አንስቶ በጣቱ አሽከረከራት።

"ሐሳቡ የእኔ ነው" አለ ዝግ ብሎ። "እጁ... እጁ የእሱ ይመስለኝ ነበር።"

"ይመስለኝ ነበር?" ሚኩሪያ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

"ትናንት ጠርቶኝ ነው የሄድኩት። 'ቅዳሜ ሕዝብ ፊት እውነቱን እናገራለሁ። የሳልኩት እኔ አይደለሁም፤ አንተም አይደለህም' አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያበድኩት። እድሜ ልኬን ከሱ ጋር ስሟገት ኖሬ፣ አንተም አይደለህ እኔም አይደለሁ ይለኛል? 'ማን ነው ታዲያ?' ብለው፣ 'አንተ ቅዳሜ ና' አለኝ። ተሳድቤ ወጣሁ። በአሥራ አንድ ተኩል ባቡር ተሳፍሬ ገብቻለሁ፤ የባቡር ካርዴን እዩ።"

አዩት፤ እውነቱን ነው። ሊወጡ ሲነሱ ዶባሺ ብሎኑን ጣለው።

"እኔ እኮ ዛሬ ልደውልለት ነበር" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

በማግስቱ የጣቢያው አዛዥ ፋይሉን ሊዘጋ እስክሪብቶ አንስቷል። "ሽማግሌ፣ ብቸኛ፣ ሲዋሽ የኖረ፣ ሊጋለጥ የደረሰ። መልእክት ጽፎ ዘለለ። ሌላ ምን ፈለግሽ?"

"ያ መደገፊያ የተሰበረው ሰው በጀርባው ተገፍቶበት ነው።"

"ወይም ያረጀ እንጨት ነው። ሐኪሙ ሞተ የሚለው ከመሸ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር፤ ጽፏላ! በዚያ ሰዓት ዶባሺ ፉኩያማ ነው፣ ሺኦሚ ደሴቱ ላይ ነው። የቀረችሽ እህትየው ናት። የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ገፋችው ልትዪ ነው?"

ሚኩሪያ ከአዛዡ ቢሮ ወጣች። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ፣ ከሬስቶራንቱ ያመጡላትን ራመን ኑድል ሳትነካው መነጽሯን አደረገችና የመልእክቱን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ዓይን አየችው። አሰፋችው። ደግማ አሰፋችው።

"ሃዛማ፣ ና እስቲ። ይሄ ምንድን ነው ያልከኝ?"

"የሚያለቅስ ፊት ነዋ። ይቺት እንባው።"

"ከየት ነው የምትወጣው?"

ሃዛማ አጎንብሶ አየ። "ከ... ከአፍንጫው ስር።"

"አንተ ቤት እንባ በአፍንጫ ነው የሚወጣው?"

"ሁሉም ሰው ለሐዘን ነው የሚልከው፣ ኢንስፔክተር። እኔም ስንቴ ልኬዋለሁ።"

"ለማን? ለሐዘንተኛ?" ሳቋ መጣና አፏ ላይ ሞተ። "እኛ ልጆች ሆነን የምናነበውን ሥዕላዊ መጽሔት ስላላየህ ነው። አንድ ሰው እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ፣ ከአፍንጫው አረፋ እንደ ፊኛ ይነፋለታል። ሲነቃ ፍንድት ትላለች። ይሄ የሚያለቅስ አይደለም። የተኛ ነው።"

"ታዲያ 'ይቅር በይኝ' ብሎ ራሱን ሊያጠፋ ያለ ሰው የሚያንኮራፋ ፊት ለምን ይልካል?"

"የሳለው ሰው አይልክም" አለች ሚኩሪያ፣ ኮቷን እያነሳች። "ትርጉሙን የማያውቅ ነው የሚልከው።"

ሃዛማ ደረጃው ላይ ደረሰባት። "መልእክቱ የሌላ ሰው ከሆነ ሰዓቱ ሁሉ ፈረሰ ማለት ነው። ዶባሺም ተመለሰብን።"

"ዶባሺ ከወረደ በኋላ ኩዋባራ-ሳን ድመት አብልተዋል።"

"እህትየውስ?"

ሚኩሪያ ደረጃውን ወረደች። እህትየውን ገና አልጠየቋትም።

ኩዋባራ ፉሚኤ በሩን ስትከፍት ጥቁር ለብሳለች። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ መስኮቱ በጠባቡ ባሕር ላይ ይከፈታል፤ ጀልባዋ ወደ ሙካይሺማ ስትመላለስ ትታያለች። ፉሚኤ ለማውራት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አላት። ሃዛማ ሚኩሪያን ቀደመና በትልልቅ ፊደል ጻፈ። "መልእክቱ ሲደርስዎ ለምን ተኙ?"

ፉሚኤ ሰሌዳውን ተቀበለችው። የሃዛማን ጽሑፍ ጠርጋ ጻፈች።

"እሱም የተኛ መስሎኝ።"

ሚኩሪያ አጠገቧ ተቀመጠች። ፉሚኤ ስልኳን ከፍታ የወንድሟን የየዕለቱን መልእክት ወደ ላይ እየገፋች አሳየቻት። ዓሣ ጠበስኩ። ድመቷ ወለደች። ጉንፋን ያዘኝ፣ እንዳትመጪ። እና በየምሽቱ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻዋ፣ ያቺ የተኛች ፊት።

"ደህና እደሪ ማለቱ ነው" ስትል ጻፈች። "ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ናት። የተኛ ሰው ወሬ አይቀጥልም ብሎ ይቀልዳል። ያን ቀን ከእሷ በኋላ ጽሑፍ ነበር። ፊቷን ብቻ አይቼ ስልኩን ዘጋሁ። ጠዋት ፖሊስ መጣ። አሁን ደጋግሜ ሳነበው ጋሼ አልጻፈውም። ለማን እንደምናገር ግን አላወቅኩም። የመጣው ፖሊስ ፎቶ አንስቶ ሮጠ።"

ሃዛማ አንገቱን ደፋ።

"በረንዳው ላይ በምን ተጣላችሁ?" ጻፈች ሚኩሪያ።

ፉሚኤ ሰሌዳውን ጠርጋ ጠርጋ ያዘችው።

"ስዕሎቹ የእኔ ናቸው። ያኔ ጋሼ ማታ ማታ ባለ ካሬ ወረቀት ከቢሮ ያመጣልኛል። የሚሰማ ሰው ስልክ ሲያወራ ድምፅ አለው፤ የእኔ ስልክ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሰው 'እሺ' ሲለኝ ተቆጥቶ ይሁን ደስ ብሎት አላውቅም። ለጋሼ ነገርኩት። 'እንግዲያው ፊቱን አንቺ ሳይለት' አለኝ። ሳልኩ። ኩባንያው ከውጭ ሰው አይቀበልም ነበርና በእሱ ስም ገባ። አልከፋኝም። አሁን ግን 'ሳልሞት እውነቱን ልናገር' ብሎ ያዘኝ። እኔ አልፈልግም አልኩ። ያንን ሁሉ ሰው፣ ያንን ሁሉ ካሜራ። ተቆጣሁት። ጥዬው ሄድኩ።"

ጀልባዋ ከደሴቱ ተነሥታ እየተሻገረች ነው። ሚኩሪያ ጻፈች።

"ይህን ሐሳቡን ማን ያውቃል?"

"ዶባሺን ልጠራው ነው ብሎኝ ነበር። ለሌላ ለማን እንደነገረ አላውቅም።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህቺን ፊት ከወንድምዎ ሌላ የላከልዎ ሰው አለ?"

የፉሚኤ ፊት ተለወጠ። እስካሁን ሐዘን ብቻ የነበረበት ፊት ቁጣ ገባበት። ስልኳን ወሰደች፤ የለቅሶ መልእክቶችን አንድ በአንድ አለፈች። ሁሉም ላይ የተጋጠሙ መዳፎች፣ ያጎነበሰ ሰው፣ ነጭ አበባ። አንዱ ላይ ቆመች። የወንድሟ ሬሳ በተገኘበት ጠዋት የተላከ ነው።

"ልቤ ተሰበረ" ይላል። ከጎኑ ያቺው ፊት፣ አረፋዋን ከአፍንጫዋ ነፍታ፣ ሦስት ጊዜ ተደርድራ ተኝታለች።

"ወንድሜ ሞቶ የሚያንኮራፋ ፊት ላከልኝ" ስትል ፉሚኤ ሰሌዳውን የምትበሳ እስኪመስል ጻፈች። "ሊሰድበኝ መሰለኝ።"

ሚኩሪያ የላኪውን ስም አነበበችና ስልኩን ለሃዛማ አቀበለችው። ሃዛማ ስሙን ማስታወሻው ላይ ገለበጠ።

ውጭ እንደወጡ "በዚህ ብቻ ሰው አይከሰስም" አለ። "እንዲያማ ቢሆን እኔም እታሰራለሁ።"

"አይከሰስም። የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጣና ስለ ኩዋባራ ስልክ የመስመር ኩባንያውን ጠይቅ። ያቺ መልእክት ስትላክ ስልኩ የት ነበር? እንደዚያ በለው፤ ሌላ ምንም አትጨምር። ሐኪሙንም አስከሬኑን እንደገና እንዲያይልኝ ንገረው።"

መልሱ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። በዚያ መሐል ሚኩሪያ አፏን ይዛ ከረመች። ለቅሶ ላይ ሁሉንም አየቻቸው፤ ዶባሺ ከኋላ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያሸው፣ ሺኦሚ እንግዳ ሲያስተናግድ፣ ወይዘሮ ኦጋታ ስታለቅስ። የሁሉም ሰው እጅ ላይ ስልክ ነበር። ሚኩሪያ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ በአውራ ጣቱ በጻፈ ቁጥር ምን እየላከ እንደሆነ ትጠረጥር ጀመር።

የሙዚየሙ ምረቃ ተራዝሟል። ሺኦሚ መሐል አዳራሹ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ የኩዋባራን ፎቶ በጥቁር ሪባን ሲያስጌጥ አገኙት። በግድግዳው ላይ በር የሚያካክሉ ፊቶች ተሰቅለዋል። ከስራቸው ያሉት የመግለጫ ሰሌዳዎች ባዶ ናቸው።

"እነዚህ ለምን አልተጻፈባቸውም?" አለች ሚኩሪያ።

"ኩዋባራ-ሳን ራሳቸው ነበር የሚጽፉት። እስከ ቅዳሜ እንድጠብቅ ነግረውኝ ነበር።" ወረደ። "እኔ ስለ ስዕል ብዙም አላውቅም፤ ከዚህ በፊት አፓርታማ ነበር የምሸጠው። ሻይ ላምጣላችሁ?"

"ይቆየን። ያን ዕለት ወደ ሙካይሺማ በየትኛዋ ጀልባ ተሻገሩ?"

"ከምሽቱ አንድ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ። ከዚያ በፊት እዚህ ሰሌዳ ስሰቅል ነበር።"

"ብቻዎን?"

"ብቻዬን።"

"የኩዋባራ-ሳን ስልክ ቁልፉን የሚያውቅ ሰው አለ?"

ሺኦሚ ትንሽ አመነታ። "ስልኩን ገዝቼ ያስተካከልኩላቸው እኔ ነኝ። አውቃለሁ። ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የልደታቸው ቀን ነው።"

"መልእክቱ ሲላክ ስልኩ ኮረብታው ላይ አልነበረም። ባሕሩን ተሻግሮ ሙካይሺማ ነበር።"

ሺኦሚ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ምናልባት እሳቸው ራሳቸው ተሻግረው..."

"ጀልባዋን የሚነዳው ሰው ከሕፃንነቱ ያውቃቸዋል፤ አልተሳፈሩም። ተሻግረዋልም እንበል። ስልኩ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ማን አስቀመጠው? ወይዘሮ ኦጋታ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ሳሉ ቀድመህ የገባኸው አንተ ነህ።"

እስካሁን "እርስዎ" ስትለው ነበር። ሃዛማ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ቆመ።

ሺኦሚ ከመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ለመካድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዓይኑ ከሽማግሌው ፎቶ ላይ አረፈና ዘጋው።

"ሊያጠፉን ነበር" አለ። "ስማቸው በየአውቶቡሱ ላይ ነው፤ በየኩባያው፣ በየብስኩቱ ላይ ነው። ባለሀብቶቹን ያመጣሁት በስማቸው ነው። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ጠርተውኝ፣ 'ቅዳሜ የእኔን ፎቶ አውርድና የእህቴን ስቀል' አሉኝ። ለመንኳቸው። አንድ ዓመት ብቻ ይቆዩልኝ አልኳቸው። 'እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ቆየች' አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ፤ አስለቀቁኝ። ገፋኋቸው። እንጨቱ... እንጨቱ እንደዚያ የበሰበሰ መሆኑን አላወቅኩም።"

"ስልኩን ለምን ወሰድክ?"

"አምቡላንስ ልጠራበት ነው ያነሣሁት! እመኑኝ። ቁጥሩን ጽፌው ነበር። ከዚያ 'ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?' ብዬ አሰብኩ። ጣቴ እንቢ አለኝ። ኪሴ ከትቼው ወረድኩ። ግብዣው ላይ ስቀመጥ ኪሴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። የድሮ መልእክቶቻቸውን አየሁ። በየምሽቱ ለእህታቸው እያለቀሱ የሚጽፉ መሰለኝ። እንደሳቸው አድርጌ ጻፍኩ።"

"እያለቀሱ አልነበረም" አለች ሚኩሪያ። "ደህና እደሪ ነበር የሚሉት። በማግስቱ 'ልቤ ተሰበረ' ብለህ ለእህታቸው የላክህላትም ያቺው የተኛች ፊት ናት።"

ሺኦሚ አልገባውም። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊቶች ተራ በተራ አያቸው።

"ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ብሏል" ብላ ቀጠለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንተ ጀልባ ስትጠብቅ በሕይወት ነበሩ። ያን ጊዜ ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር። ስትወርድ አልሰማሃቸውም?"

ሺኦሚ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ሲጣሩ ነበር" አለ በጣቶቹ መሐል። "'እርዱኝ' አይደለም የሚሉት። 'ፉሚኤ' ነው የሚሉት። ደጋግመው። እኔ ደግሞ እሷ አትሰማም ብዬ... እሷ አትሰማም ብዬ ወረድኩ።"

ሃዛማ ካቴናውን ሲያስገባለት ሚኩሪያ ፊቷን አዞረች። ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ ብዙ ሰው ሲያምን ሰምታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማችም።

በማግስቱ ማለዳ ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ወጣች። ፉሚኤ በወንድሟ ቤት ነበረች፤ ድመቶቹን ለማብላት በየጠዋቱ ትወጣለች። በረንዳው ላይ ፖሊስ የዘረጋው ገመድ አለ። እሷ ከገመዱ ወዲህ ትራስ ላይ ተንበርክካለች።

ሚኩሪያ ሁሉንም በሰሌዳው ላይ ጻፈችላት፤ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ። ፉሚኤ አንዱን አንብባ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ሚኩሪያ ጠርጋ ሌላውን ትጽፋለች። በቃል ቢሆን ድምፅዋን ታለሰልስ ነበር፤ አሳል አስመስላ ትቆም፣ እጇን ትይዛት ነበር። ጽሑፍ ግን እንደተወረወረ ድንጋይ ይደርሳል።

በመጨረሻ ፉሚኤ ሰሌዳውን ወሰደች።

"ወዲያው ነው የሞተው?"

ሚኩሪያ ብዕሩን ይዛ ቆየች። "አዎ" ብላ መጻፍ ትችላለች። ማንም አይጠይቃትም። ይህች ሴት ግን ከሰዎች የሚመጣላትን ቃል ሁሉ እውነት ይሁን ውሸት ስትመረምር የኖረች ናት።

"አይደለም" ስትል ጻፈች። "ትንሽ ቆይቷል። ስምዎን ሲጠራ ነበር።"

ፉሚኤ አነበበች። ደግማ አነበበች። ጣቷን "ስምዎን" ከሚለው ቃል ላይ አሳረፈች፤ ቀለሙ ጣቷን አጠቆረው። አላለቀሰችም። ተነሥታ እስከ ገመዱ ድረስ ሄደች። ከታች ባዶው ጓሮ፣ ከዚያ ወዲያ የቤቶቹ ጣሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ።

ሚኩሪያ ይህች ሴት ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልተጠቀመችበት፣ የሻከረ፣ ከፍና ዝቅ የሚል ድምፅ ነው። ድመቶቹ እንኳ ደንግጠው ቀና አሉ። ፉሚኤ ወደ ገደሉ ጎንበስ ብላ፣ ባላት አቅም ሁሉ ጮኸች።

"አቤት!"